ሥዕል ያለ መዝገብ፦ ስለ ዲጂታል የሥዕል ስብስብ አያያዝ

ዲጂታል የሥዕል ስብስብ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ካሜራ ነው። ጥሩ ካሜራ ያለው ሰው ይሄዳል፣ ፎቶ ያነሣል፣ ኮምፒውተር ላይ ይጭናል፣ በቃ አለቀ። ነገሩ እንዲህ ቀላል ቢሆን ኖሮ ዛሬ ከማንም በላይ ሀብታሞቹ እኛ በሆንን ነበር። ጥር በመጣ ቁጥር፣ በየንግሡና በየክብረ በዓሉ ስንት ሺህ ስልክ ነው ወደ ሥዕል፣ ወደ መስቀልና ወደ ብራና የሚቀሰረው? ታዲያ ያ ሁሉ ፎቶ የት ገባ? ግማሹ ስልኩ ሲሰበር አብሮ ጠፋ፤ ግማሹ ደግሞ በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የየት ደብር እንደሆነ ተረሳ። አውድማ ላይ የተከመረ እህል ጎተራ ገባ አይባልም። ፎቶም እንደዚያው ነው። ክምር ሌላ፣ ስብስብ ሌላ።

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ ዩኒቨርሲቲዎች የአንድን አገር ሥዕል በዲጂታል መንገድ ሰብስበው እንዴት እንደሚይዙ፣ ከዚህ ውስጥ የእኛ ሥዕል የት የት እንደሚገኝ፣ እንዲሁም ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ገጠር አንጻር ነገሩ ለምን እንደሚያስጨንቀን ለማስረዳት እሞክራለሁ። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ይያዝልኝ። በዚህ ሥራ ውስጥ ፎቶ ማንሣት ትንሹ ክፍል ነው። ትልቁ ክፍል ከፎቶው ጋር የሚጻፈው መዝገብ ነው።

ኪዩሬተር ማለት ማን ነው?

በውጭው ዓለም የሙዚየም ወይም የዩኒቨርሲቲ ስብስብ የሚጠብቅ ባለሙያ ኪዩሬተር ይባላል። ቃሉ ባዕድ ይምሰል እንጂ ሥራው ለእኛ አዲስ አይደለም። በየደብራችን ቄሰ ገበዝ አሉ። ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። የትኛው መጽሐፍ በየትኛው ማኅደር እንዳለ፣ የትኛው መስቀል ማን የሰጠው እንደሆነ፣ የትኛው ሥዕል በየትኛው በዓል እንደሚወጣ ያውቃሉ። ማንም ሰው ተነሥቶ «ያንን ልይ» ቢል ዝም ብለው አውጥተው አይሰጡትም። ኪዩሬተርም እንዲሁ ነው፤ ያውቃል፣ ይለያል፣ ይጠብቃል፣ ለሚገባው ያሳያል። ልዩነቱ ቄሰ ገበዙ አብዛኛውን ነገር በቃል መያዛቸው ነው። እሳቸው ሲያርፉ ግን በቃል የተያዘው ምን ይሆናል? የመዝገብ ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው።

የእኛ ሥዕል በማን ኮምፒውተር ውስጥ አለ?

ለርዕሳችን ቅርብ የሆነው ምሳሌ ካናዳ ነው። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ «መዝገበ ሥዕላት» የሚባል የኢትዮጵያ ሥዕል ዳታቤዝ አለ። የዚህ ሥራ ዋና ባለቤቶች የቶሮንቶው የታሪክ ምሁር ማይክል ጀርቨርስና በስዊድን የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪዋ ኤቫ ባሊትስካ ቪታኮፍስካ ናቸው። በመስክ ጉዞ የተነሡ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ምስሎች ተሰብስበውበታል። የግድግዳ ሥዕል፣ የብራና ሥዕል፣ በገበታ ላይ የተሣለ ሥዕል፣ መስቀልና የቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ሁሉ አለበት። ስሙን ልብ በሉልኝ። «ክምረ ሥዕላት» አላሉትም፣ «መዝገበ» ነው ያሉት። ሰው ገብቶ በቦታ ወይም በሥዕሉ ይዘት የፈለገውን መፈለግ ይችላል።

ይኸው ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2017 ግእዝ ማስተማር መጀመሩም ይታወሳል። ለዚያ ትምህርት ዘ ዊክንድ በሚል ስም የሚታወቀው ድምፃዊ አቤል ተስፋዬ 50,000 ዶላር መስጠቱ በወቅቱ ዜና ሆኖ ነበር። ይህ የሚያሳየን ስብስብ ሲኖር ትምህርትም አብሮ እንደሚመጣ ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ምሳሌ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ነው። እዚያ በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሂል የሚባል የብራና ጽሑፎች ቤተ መዘክርና ቤተ መጻሕፍት አለ። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1965 ሲሆን የተነሣበት ዓላማ የአውሮፓ ገዳማት መጻሕፍት በጦርነት እንዳይጠፉ በማይክሮ ፊልም ማንሣት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ደግሞ ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጋር በመተባበር የእኛን ብራናዎች ማንሣት ተጀመረ። አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮ ፊልም ድርጅት ተቋቁሞ በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ተነሡ።

አንባቢ ሆይ፣ ፊልም ብቻ ቢሆን ኖሮ 9,000 መጽሐፍ 9,000 ጥቅል ሆኖ በተቀመጠ ነበር። መዝገብ ያደረገው ሰው ነው። ከነዚህ ሰዎች አንዱ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ፕሮፌሰሩ እ.ኤ.አ. በ1975 በጥይት ተመተው እግራቸው ከሽባነት አልዳነም። በማግስቱ ዓመት ወደ ሚኒሶታ ሄዱ፤ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነውም ፊልሞቹን እያዩ ለአሥርት ዓመታት ካታሎግ ሲጽፉ ኖሩ። መጽሐፉ ምን ይላል፣ ማን ጻፈው፣ በማን ዘመን፣ ለየትኛው ደብር ተሰጠ፣ በየትኛው ቅጠል ላይ ሥዕል አለ፣ ይህን ሁሉ አስፍረዋል። እ.ኤ.አ. በ1988 ማክአርተር የሚባለውን ትልቅ ሽልማት አግኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ሲያርፉ ትተው የሄዱት ያንን መዝገብ ነው። ዛሬ እነዚያ ፊልሞች ወደ ዲጂታል ተቀይረው የቤተ መጻሕፍቱ የኢንተርኔት ንባብ ክፍል ውስጥ ይገኛሉ። ፊልሙን ሳጥን ውስጥ ከመቅረት ያዳነው የእሳቸውና የባልደረቦቻቸው ብዕር ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ማይክሮ ፊልሙ ግን አንድ ጉድለት ነበረበት። በአብዛኛው ጥቁርና ነጭ ነው። ጽሑፍ ለሚያነብ ሰው ይህ ብዙም አይጎዳው ይሆናል። ሥዕል ለሚያጠና ግን ከባድ ነው። ቀዩ ቀለምና ጥቁሩ ቀለም ይመሳሰላሉ፤ የሐረጉ ቢጫና አረንጓዴ ሁለቱም አመድ ይመስላሉ። እንግዲህ የዲጂታል ካሜራ ትልቁ ጥቅም ቀለሙን ይዞ መምጣቱ ነው።

አገር ውስጥም ባዶ አይደለንም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1963 ሲመሠረት ከመጀመሪያው ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም ነበረው። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። የቤተ መጻሕፍቱና የሙዚየሙ ሰው የነበሩት ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሖይናትስኪ ደግሞ የቆዩ ሥዕሎችን ሰብስበው፣ አጥንተው ስለ ኢትዮጵያ ሥዕል ብዙ ጽፈዋል። ማለትም ዩኒቨርሲቲ የሥዕል ጠባቂ ይሁን የሚለው ሐሳብ ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ነው።

የቻይናው ዋሻ ምን ያስተምረናል?

እስቲ ለማነጻጸር ወደ ቻይና እንሂድ። በሰሜን ምዕራብ ቻይና፣ በጋንሱ ክፍለ አገር ዱንሁዋንግ የሚባል ቦታ አለ። እዚያ አለት ተፈልፍሎ የተሠሩ፣ ግድግዳና ጣሪያቸው በሥዕል የተሸፈነ በመቶዎች የሚቆጠሩ የቡድሃ ዋሻዎች ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1900 የቦታው ጠባቂ የነበረ መነኩሴ ከአንዱ ዋሻ ጎን የተደፈነች ክፍል አገኘ። ስትከፈት በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ጽሑፎችና በጨርቅ ላይ የተሣሉ ሥዕሎች ተከምረውባት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1907 ኦሬል ስታይን ለእንግሊዝ፣ በ1908 ደግሞ ፖል ፔሊዮ ለፈረንሳይ ብዙውን በትንሽ ገንዘብ ገዝተው ወሰዱት። ሌሎችም ተከተሉ። በመጨረሻ አንድ ክፍል ውስጥ አብሮ የኖረው ነገር ለንደን፣ ፓሪስ፣ ቤጂንግና ሴንት ፒተርስበርግ ተበተነ።

ታሪኩ መቅደላን አያስታውሳችሁም? በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰዱት ብራናዎች ብዙዎቹ ዛሬ ለንደን ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ናቸው፤ ቁጥራቸው ወደ 350 ይጠጋል። ልዩነቱ የዱንሁዋንግ በሽያጭ ስም መሄዱ፣ የእኛ ደግሞ በጦር መዘረፉ ነው።

ለዱንሁዋንግ እ.ኤ.አ. በ1994 ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት ተቋቋመ። ሐሳቡ ዕቃው በየአገሩ ቢበተንም ምስሉን አንድ ላይ እንሰብስበው የሚል ነው። አንዱ አገር ያነሣው ከሌላው ጋር እንዲገጥም ሁሉም በአንድ ዓይነት ቁጥርና በአንድ ዓይነት መዝገብ መሥራት ነበረባቸው። በኋላ ቻይናውያኑ ራሳቸው ዋሻዎቹን ከግድግዳ እስከ ጣሪያ አንሥተው እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ 30 ዋሻዎችን ለሕዝብ በኢንተርኔት ከፈቱ። ለዚህ ምክንያት ነበራቸው። ዋሻው ውስጥ የሚገባው ጎብኚ ትንፋሹና ሙቀቱ ሥዕሉን ይጎዳዋል። ስለዚህ ብዙው ሰው በምስል ይይ፣ ዋናው ደግሞ ይረፍ ተባለ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ዲጂታል ምስል የተበተነን ነገር ቢያንስ ለዓይን ሊሰበስብ ይችላል። ሁለተኛ፣ ምስሉ ዋናውን አይተካም፤ ለንደን ያለው ብራና በምስል ስለታየ ወደ አገሩ ተመለሰ ማለት አይደለም። አንዱን በሌላው ማለባበስ አያስፈልግም።

ሥራው ደረጃ በደረጃ

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። አንድ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ደብር ያሉትን ሥዕሎች ሰብስቦ ለመያዝ ቢነሣ ምን ምን ይሠራል?

የመጀመሪያው ፈቃድ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ ጥናት ለማድረግ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል። ይህ የመንግሥት በኩል ነው። በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ደግሞ ሀገረ ስብከቱ፣ የደብሩ አለቃ፣ ሰበካ ጉባኤውና ቄሰ ገበዙ አሉ። ከሁሉም ጋር ሳይነጋገሩ ካሜራ ማውጣት ሥራውን ከጅምሩ ያበላሸዋል። ሕዝቡም ቢጠረጥር አይፈረድበትም። «አየነው፣ አነሣነው» ያሉ ሰዎች ከሄዱ በኋላ ዕቃ ጠፋ ሲባል የኖረ አገር ነው።

ሁለተኛው ማንሣት ነው። የጎጃም አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ ክብ ናቸው፤ ሥዕሉ ያለው በመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያ ነው። አብዛኛውም በጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው። ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ ሄዶ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ያየ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ውስጡ ጨለምለም ይላል፣ መጋረጃ አለ፣ ግድግዳው ጎባጣ ነው። ፍላሽ ማብራት ደግሞ ቀለሙን ያንጸባርቀዋል። ስለዚህ ካሜራው በሦስት እግር መቆሚያ ይቆማል፣ ብርሃኑ ለስላሳ ሆኖ ከሁለት ጎን ይመጣል፣ ከሥዕሉ አጠገብ የቀለም መለኪያ ካርድና ማስመሪያ ይቀመጣል። ካርዱ ኋላ ኮምፒውተር ላይ ቀዩ ትክክለኛ ቀይ መሆኑን ለማረጋገጥ ነው። ማስመሪያው ደግሞ የሥዕሉን ትልቅነት ይነግራል። ያለ እሱ የመዳፍ ያህል ሥዕልና የበር ያህል ሥዕል ስክሪን ላይ እኩል ናቸው።

ሦስተኛው ቅደም ተከተል ነው። ቀሳውስቱ እንደሚያውቁት በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ሥዕል ዝም ብሎ አይሣልም። የመላእክት አለቆች በር ላይ ይቆማሉ፤ ሌላውም ቦታ ቦታ አለው። እያንዳንዱን ሥዕል ለየብቻው ቆርጦ ያነሣ ሰው በየትኛው ግድግዳ፣ ከየትኛው ቀጥሎ እንደነበር ካልጻፈ ታሪኩን በትኖታል ማለት ነው። ቅኔ ከመሐሉ ቃል ተነቅሎ ቢጻፍ ምን ይሆናል? ልክ እንደዚያ ነው። በቅኔ ቤት ስሟ የገነነ አገር ልጆች ይህን ለመረዳት አይቸገሩም።

አራተኛው መዝገቡ ነው፤ በባለሙያዎቹ አጠራር ሜታዳታ ይባላል። ቀላል ትርጉሙ ስለ ምስሉ የሚጻፍ መረጃ ማለት ነው። በብዙ ቤተ መጻሕፍት የሚሠራበት ደብሊን ኮር የሚባል ቅጽ አለ። ስሙ የአየርላንድ ዋና ከተማ ይመስላል፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1995 ስብሰባ ከተደረገባት በአሜሪካ ኦሃዮ ከምትገኝ ደብሊን የተወሰደ ነው። 15 ነጥቦች አሉት፤ ርዕስ፣ ሠሪ፣ ቀን፣ ቦታ፣ ቋንቋ፣ የባለቤትነት መብት እያለ ይቀጥላል። የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ይህን ስንሰማ ፈገግ ማለታችን አይቀርም። አንደኛ ዓመት ላይ ያስተማሩን ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት የሚለው አይደለም እንዴ? የፎቶ መግለጫ መጻፍ የሚችል ተማሪ የመዝገብን ሀ ሁ ያውቃል ማለት ነው።

የመዝገብ ጉልበት ምን ያህል እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ላሳይ። ከጣና ደሴቶች በአንዱ፣ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በገበታ ላይ የተሣለ የእመቤታችን ሥዕል አለ። በሥዕሉ ላይ የሠዓሊው ስም ተጽፏል፤ ፍሬ ጽዮን ይላል። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ማለትም በ15ኛው መቶ ዓመት የነበረ ሠዓሊ ነው። አብዛኛው የቆየ ሥዕላችን የሠዓሊ ስም የለበትም። ይህቺ አንዲት ጽሑፍ ስለተገኘች ግን ተመራማሪዎች ያንን ሥዕል ከሌሎች ስም ከሌላቸው ሥዕሎች ጋር እያነጻጸሩ «ይህም የእሱ ወይም የተማሪዎቹ እጅ ነው» ማለት ቻሉ። ማሪሊን ሄልድማን እ.ኤ.አ. በ1994 በዚህ ላይ ሙሉ መጽሐፍ አሳትመዋል። ያነሣው ሰው ፊቱን ብቻ ቆርጦ ጽሑፉን ከፎቶው ውጭ ቢተወው ኖሮስ? ሠዓሊው ያለ ስም በቀረ ነበር።

አምስተኛው ማስቀመጥ ነው። ለመዝገብ የሚቀመጠው ምስል በቲፍ ዓይነት ነው፤ ትልቅ ነው፣ ግን ጥራቱ አይቀንስም። ለማሳያ የሚወጣው ደግሞ ጄፔግ ነው፤ ትንሽና ቀላል ነው። ሒሳቡን እንሥራው። 150 ቅጠል ያለው አንድ ብራና 300 ገጽ ነው። አንዱ ገጽ 60 ሜጋባይት ቢሆን መጽሐፉ 18 ጊጋባይት ይሆናል። ደብሩ 40 መጽሐፍ ቢኖረው 720 ጊጋባይት መጣ። ይህ ደግሞ በአንድ ዲስክ ብቻ ቢቀመጥ አደጋ ነው። የሙያው ደንብ ቢያንስ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱም ሌላ ከተማ ይሁን ይላል። ገበሬ ዘሩን ሁሉ በአንድ ጎተራ አያስቀምጥም።

ስድስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚረሳው መመለስ ነው። የተነሣው ምስል አንድ ቅጂ፣ ከነመዝገቡ፣ ለባለቤቱ ለደብሩ መሰጠት አለበት።

ሁሉ ነገር ይታይ ወይ?

አሁን ደግሞ አስቸጋሪው ጥያቄ። እኔ ተወልጄ ያደግኩት ቡሬ ነው፣ ሴት ነኝ። ጣና ላይ ካሉት ገዳማት ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። በክብራን በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ የተጻፈና በሥዕል ያጌጠ ወንጌል አለ፤ በዓለም የታወቀ ነው። እኔ በአካል ሄጄ ላየው አልችልም። ምስሉን ግን በመጽሐፍና በስክሪን አየዋለሁ። ታዲያ ይህ የገዳሙን ሥርዓት መጣስ ነው ወይስ አይደለም? የገዳሙ ሥርዓት ቦታውን የሚመለከት ነው፣ ምስሉ ደግሞ ቦታው አይደለም የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ ካሜራ የገባበት ሁሉ ዓይን ገባበት ይላሉ። እኔ ምስሉን በማየቴ ደስ ብሎኛል። መልሱን መስጠት ያለባቸው ግን ገዳማውያኑ ናቸው፣ ካሜራ የያዘው ሰው አይደለም።

ፈጽሞ የማይነሣም ነገር አለ። ታቦት አይነሣም፤ ይህ ክርክር የለውም። ሊነሣ ቢችልም ለሁሉ ክፍት መሆን የማይገባው ደግሞ አለ። የአንድ ሩቅ ገጠር ደብር ዕቃ ቤት ውስጥ ምን ምን የከበረ ነገር እንዳለ ከነመንገዱ ኢንተርኔት ላይ ማውጣት ለሌባ ካርታ መስጠት ነው። ስለዚህ ጥሩ ስብስብ ሁለት በር አለው፤ አንዱ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ሁለተኛው ለተፈቀደለት ብቻ ነው።

በሌላ በኩል መዝገብ ራሱ መከላከያ ነው። በ1989 ዓ.ም. ከላሊበላ መድኃኔዓለም የተሰረቀው አፍሮ አይገባ መስቀል እስከ ቤልጅግ ሄዶ በ1993 ዓ.ም. ተመልሷል። እሱ ዝነኛ ነው፤ የት እንደታየ ማንነቱ አያጠራጥርም። የአንዲት የገጠር ደብር መስቀል ወይም ሥዕል ቢጠፋስ? ፎቶ ከሌለ፣ ልኩ ካልተጻፈ፣ የተሰነጠቀበት ቦታ ካልተመዘገበ «የእኛ ነው» ለማለት በምን ማስረጃ? ምስክርነት ብቻውን ፍርድ ቤት ድረስ አያደርስም።

የእኛስ አካባቢ?

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ደምበጫን፣ ጅጋን፣ ፍኖተ ሰላምን አልፋችሁ ቡሬ ስትደርሱ በግራና በቀኝ ዛፍ የከበባቸው አብያተ ክርስቲያናት ታያላችሁ። ከመንገዱ ገባ ሲባል ደግሞ ከዚያ የበዙ አሉ። ሣር ክዳን የነበሩት ቆርቆሮ ለብሰዋል፤ የፈረሱትም በብሎኬት እንደገና ተሠርተዋል። ሕዝቡ ከጉሮሮው ቀንሶ ቤተ ክርስቲያን ማነጹ የሚያስመሰግነው ነው። ነገር ግን አሮጌው ሲፈርስ የአሮጌው ግድግዳ ሥዕል ምን ይሆናል? አንዳንዱ ተጠቅልሎ ዕቃ ቤት ይገባል፣ አይጥና እርጥበት ይበላዋል። አንዳንዱ ላይ አዲስ ቀለም ይቀባበታል። አንዳንዱም እንደ አሮጌ ጨርቅ ይቀራል።

ከቡሬ ወጣ ባለ ገጠር የሚኖር አንድ ዘመዴ ስልኩ ላይ የቆየ ሥዕል አሳይቶኝ ነበር። ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፣ ፈረሱ ነጭ፣ ዓይኑ ትልልቅ። ቤተ ክርስቲያኑ ከመፍረሱ በፊት የተነሣ ነው። በየትኛው ግድግዳ ነበር? ማን ሣለው? ማን አሣለው? አያውቅም። «አያቴ ቢኖሩ ይነግሩሽ ነበር» አለኝ። ሥዕሉ በምስል ተርፏል፣ ታሪኩ ግን ከአያቱ ጋር ተቀብሯል። በእኔ አስተያየት በየገጠሩ እየደረሰብን ያለው ጉዳት ይህ ነው። ካሜራ አላጣንም፤ ያጣነው ጠያቂና ጸሐፊ ነው።

ደግሞ «ቶሮንቶና ሚኒሶታ ይዘውልናል፣ ምን አስጨነቀን?» የሚል አይጠፋም። ሁለት ነገር ላስታውስ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ብሪቲሽ ላይብረሪ በኮምፒውተር ጠላፊዎች ተጠቅቶ ከመቅደላ የተወሰዱትን ጨምሮ የብራናዎቹ ዲጂታል ምስሎች ለብዙ ወራት ከኢንተርኔት ጠፍተው ነበር። ያን ያህል ሀብታም ቤተ መጻሕፍት እንኳ አልዳነም። ሁለተኛው እዚሁ እኛ ጋ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል ግጭቱ ሲነሣ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለበርካታ ወራት ቆይቷል። በዚያን ጊዜ ፍኖተ ሰላም ላለ ተማሪ የዓለም ዳታቤዝ ሁሉ ቢከፈትለት ምን ይፈይድለታል? የራሱ አገር ሥዕል በባሕር ማዶ ኮምፒውተር አለ፤ እሱ ግን አያየውም። ስለዚህ ቅጂው ቅርብ መሆን አለበት፤ በደብሩ፣ በሀገረ ስብከቱ፣ በአቅራቢያው ባለ ዩኒቨርሲቲ፣ ያለ ኢንተርኔት በሚከፈት ዲስክ።

ታዲያ ማን ይጀምር?

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አለን፣ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ አለን። የኮምፒውተር ተማሪ አለ፣ የታሪክ ተማሪ አለ፣ የአማርኛና የግእዝ አዋቂ አለ፣ እኛም አለን። ትልቅ ገንዘብና ትልቅ ካሜራ እስኪመጣ ድረስ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አያስፈልግም። አሁን በእጃችን ያለውን ሥራ መጀመር እንችላለን፤ እሱም ጥያቄው ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ለዕረፍት አገሩ ሲገባ ደብተር ይዞ ቄሰ ገበዙን፣ መሪጌታውን፣ ያረጁትን ምእመናን አስፈቅዶ ቢጠይቅስ? ቤተ ክርስቲያኑ መቼ ተተከለ? የድሮው ሥዕል በየትኛው ግድግዳ ነበር? ሠዓሊው ከየት መጣ? ማን ከፈለው? መቼ ፈረሰ? መልሱን ከነቀኑና ከነተናጋሪው ማዕርግ ጽፎ አንድ ቅጂ ለደብሩ፣ አንድ ቅጂ ለትምህርት ክፍሉ ቢያስቀምጥ ነገ ካሜራው ሲመጣ መዝገቡ ቀድሞ ይጠብቀዋል።

ካሜራ ዓመት ዓመት ይሻሻላል፤ ዛሬ ያልተነሣ ሥዕል፣ ካልፈረሰ፣ ነገ በተሻለ ካሜራ ይነሣል። የሚያውቁት ሽማግሌ ግን አይጠብቁንም። ስለዚህ ከካሜራው በፊት ወደ እሳቸው እንሂድ። ቸር ይግጠመን።